የማይበራው ውሃ

ሞተሩ ውሃ መሳብ አቆመ። ሂርጳ ፌስታል የወተፈው መስሎት ቱቦውን ከወንዙ ሊጎትት ሞከረ፤ ከበደው። በአቃቂ ወንዝ ጎመን የሚያጠጣ ሰው በቱቦው ጫፍ ብዙ ነገር ያወጣል፤ ጫማ፣ የፍራሽ ስፖንጅ፣ የሞተ ውሻ። ሁለተኛ ሲጎትት የሴት ሻርፕ ብቅ አለ። ሻርፑ አንገት ላይ ነበር።

ፖሊስ የጠራው ሂርጳ ነው። ከሰዓት በኋላ የታሰረውም ሂርጳ ነው።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ስትደርስ አስከሬኑ ጎመኑ መሀል በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ሳጅን ሀይረዲን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃውን እየረገመ ወደ እሷ መጣ።

«ሊዲያ ትባላለች። የኬሚስትሪ ተማሪ ናት፣ ማስተርሷን የምትሠራ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው የምትኖረው። መታወቂያዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።»

«ቦርሳውስ የት ነበር?»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ሀይረዲን፣ በአገጩ ወደ ሽማግሌው እያመለከተ። «የእሳቸው የሞተር ጎጆ ውስጥ፣ ሚስማር ላይ።»

ሂርጳ የተገለበጠ የቲማቲም ሣጥን ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። ያለምወርቅ ከፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ ቦርሳዋ እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?»

«ሁሌም እዚያ ነው የምታንጠለጥለው። ውሃ ስትቀዳ እንዳይረጥብባት።»

«ትናንትም ሰቅላው ነበር?»

ሂርጳ ከጣቱ ላይ ጭቃ ይፈቀፍቅ ጀመር።

«አባባ፣ ትናንት ምን ሆነ?»

«ትናንት ተጣላን።» ቀና ብሎ አያትም። «ጎመን ተረካቢው ቆሞ ሳለ ያቺን ትንሽ ሐምራዊ መብራቷን አውጥታ መመርመሪያ ወረቀቷን ቦዬ ውስጥ ነከረችው። ሰውየው ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። መርዝ መኖሩን እያየሁ ነው አለችው። ተገኘ አልተገኘ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ፣ መኪናውን ባዶውን አዙሮ ሄደ።»

«እና ምን አሏት?»

«ያልኳትን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ለምን ትጠይቂኛለሽ ልጄ?»

መንደሩ የሰማውን ሀይረዲን ቀስ ብሎ ነገራት፤ «ዳግመኛ እዚህ ባይሽ ወንዙ ውስጥ ነው የምጨምርሽ» ብሏታል።

ያለምወርቅ ሸራውን ገለጠች። የልጅቷ ጃኬት ኪስ ውስጥ ክዳኑ የተሰነጠቀ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘች። ውስጡ ክብሪት እንጨት የሚያካክሉ ጠባብ ወረቀቶች ነበሩ፤ ሁሉም ረጥበዋል።

«ይህን ለብቻው አሽገው» አለች።

«ምንድን ነው?»

«ባውቅማ አሽገው አልልህም።»

*

ኮማንደር ሀብተሚካኤል ፋይል ሲከማችበት የማይወድ ሰው ነው።

«ያለም፣ ዛቻ አለ፤ ቦርሳ አለ፤ አስከሬን አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የገደለ ሰው ሞተር አስነስቶ የገደላትን አይስብም።»

«ደንግጦ ይሆናላ።»

«ደንግጦ ለኛ ደወለ?»

«ፍርድ ቤት እስክናቀርበው የፈለግሽውን አጣሪ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ወደ ቃሊቲ ነው፤ እኔም አንቺም አንመልሰውም።»

በሰባ ዓመቱ እዚያ የገባ ሰው እንዴት እንደሚወጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

በር ላይ የሂርጳ ልጅ ሃዊ የምሳ ዕቃና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ቆማለች። ያለምወርቅን ስታይ መንገዱን ዘጋችባት።

«አባቴ አልገደላትም።»

«እጨምርሻለሁ ብሏታል።»

«እሱ እኮ ይጮሃል። ለላሞቹም እንደዚያ ነው የሚጮኸው። እስካሁን አንዷንም ወንዝ አልጨመረም።»

ያለምወርቅ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ምሳውንና ውሃውን ራሷ አስገባችላት።

የአስከሬን ምርመራ ያደረገው ሐኪም ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«ሰጥማ ነው የሞተችው። ማጅራቷ ላይ የጣት አሻራ የሚመስል ሰምበር አለ፤ ሰው ደፍቆ ይዟታል። የገረመኝ ግን ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ጥርት ያለ ነው። ጭቃም አሸዋም የለውም።»

«ከወንዙ ነው የወጣችው።»

«ከወንዙ ወጥታ ይሆናል። የሰጠመችው ግን እዚያ አይደለም።»

ለኮማንደሩ ነገረችው። እሱ ግን ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም። «በበርሜልም ሰው ይሰጥማል። ሽማግሌው ቤት በርሜል የለም?»

በርሜል አለ። ፍተሻው ሲካሄድ ራሷ አይታዋለች።

*

ሰሀር የሊዲያ የቤተ ሙከራ ጓደኛ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ላይ ግን ሰማያዊ ጓንቲ አጥልቃ እየሠራች ነበር።

«ብቆም እብዳለሁ» አለች።

ያለምወርቅ የታሸጉትን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምንድን ናቸው?»

«የሊዲያ ሥራ። ከጁስ ቤት የአቮካዶ ልጣጭ እንለምናለን። በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ ከውሃ ጋር ምድጃ ስናስገባው በጣም የደቀቀ ካርቦን ይወጣዋል፤ ተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አያየውም። እሱን ወረቀት ላይ በሙጫ እናስረዋለን፣ ውሃ እንዳያጥበው። አሁን ይዩ።»

መጋረጃውን ዘግታ ትንሽ ሐምራዊ መብራት አበራች። አዲስ ወረቀት ከብልቃጥ ውሃ ነክራ መብራቱ ሥር ስታስገባው ወረቀቱ ሰማያዊ ብርሃን ረጨ። ሌላውን ክሮም ካለበት ብልቃጥ ነከረችው። እንደ ከሰል ጨለመ።

«ብርሃኑ የሚጠፋው ክሮም የሚባለው መርዛማ ብረት ሲነካው ነው። ለሌላው ብረት ብዙም አይደነግጥም፤ ልፋቷ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።»

የሟቿን ወረቀቶች አንድ በአንድ መብራቱ ሥር አደረጉ። አንዱም አልበራም።

«ኋላ ወንዙ አጥቧቸው ቢሆንስ?»

«ሙጫው አያስለቅቀውም፤ አንዴ ከጨለመም በንጹህ ውሃ ቢታጠብ አይመለስም። ግን…» ሰሀር አመነታች። «ሰሞኑን ንጹህ ውሃ ውስጥም ይጨልምብኛል ትል ነበር። ለማወዳደሪያ የምትቀዳው ንጹህ ውሃ አለ፤ እሱ ውስጥ። እኔ ወረቀቱ ተበላሽቶብሽ ነው አልኳት። መኪና ለምኜ ነገ አብረን ሄደን እናየዋለን ተባብለን ነበር።»

«እና?»

«ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ደወለችልኝ። ሽማግሌው አባሮኛል፣ ወንዙ ዛሬ አይሆንም፣ ቦርሳዬንም ትቼ ነው የመጣሁት፣ ከምቀመጥ ማወዳደሪያ ውሃዬን ራሴ ላምጣ አለችኝ።»

«ከየት?»

«አልጠየቅኳትም» አለች ሰሀር። አሁን ጓንቲውን አወለቀች።

መኪና ውስጥ ሀይረዲን ተስፋ አደረገ። «ስትደውል በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ከጠቡ በኋላ ማለት ነው።»

«ኮማንደሩ ምን እንደሚል ልንገርህ? ለቦርሳዋ ተመልሳ መጣች ይላል።»

*

ክሮም ሲባል በአካባቢው ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ከሂርጳ ማሳ በላይ ወዳለው ቆዳ ፋብሪካ። ሥራ አስኪያጁ ቀናው ወንበር ጋበዛቸው፤ ማንም አልተቀመጠም።

«ልጅቷን ያውቋታል?»

«ሁለት ጊዜ ከበር አስባርሬያታለሁ። ያንን አልክድም።»

«ከትናንት ወዲያ የት ነበሩ?»

«ሞጆ። ቦይለራችን ፈንድቶ ፋብሪካው ከቆመ ሰነበተ፤ መለዋወጫ ፍለጋ ነው የሄድኩት። አብሮኝ የዋለውን ሰው ስልክ ልስጥዎት።»

ሀይረዲን ስልኩን ይዞ ወጣ። ያለምወርቅ ግቢውን ዞረች። የፍሳሽ ገንዳዎቹ ደርቀው መሬታቸው ተሰነጣጥቋል። ዘበኛው እንኳ አፍንጫውን መሸፈን ትቷል።

ሀይረዲን ተመልሶ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ እስኪመሽ ሞጆ ነበር።

«ወንዙንም ለኩት» አለ ቀናው። «እኛ ሳንለቅ ወንዙ ውስጥ ክሮም ካለ ሌላ ወላጅ ፈልጉለት።»

ሰሀር ጥቂት ወረቀት ሰጥታቸዋለች። መብራቱን ደግሞ ሀይረዲን ከአጎቱ ሱቅ አመጣው፤ የሐሰት ብር የሚለይበት ነው።

«አጎትህ ምን አለ?»

«ፖሊስ ካልመለሰው ለማን አቤት ልበል አለ።»

ልጅቷ የተገኘችበት ቦታ ላይ ውሃው ቡና ይመስላል፤ አረፋና ፌስታል ተሸክሞ ይወርዳል። ያለምወርቅ ወረቀቱን ነከረችው። ሀይረዲን ጃኬቱን እንደ ድንኳን ዘርግቶ መብራቱን አበራ።

የአቃቂ ወንዝ በራ። ትንሽ ደብዘዝ ይበል እንጂ በራ።

«አስተግፊሩላህ» አለ ሀይረዲን።

«ወረቀቱ አልተበላሸም ማለት ነው» አለች ያለምወርቅ። «ይኼ ጭቃ ክሮም የለውም። ሆዷ ውስጥ የነበረው ጥርት ያለ ውሃ ነው ያጨለመባት።»

«ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ክሮም?»

«እንሂድ። በርሜሉን እንየው። የሚበራ ከሆነ ሽማግሌው እዚያ አላሰጠማትም።»

*

የሂርጳ በርሜል ውሃ ከጣሪያ የወረደ ዝናብ ነው። በራ። ያለምወርቅ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ግን አንድ ወረቀት ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ማወዳደሪያ ያስፈልጋል።

ሃዊ እንግዳ ናችሁ ብላ ከጄሪካን በብርጭቆ ውሃ ቀድታ ለሀይረዲን ሰጠችው። ሕፃን ልጇ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። ሀይረዲን ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ያለምወርቅ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ። ለማወዳደሪያ እንጠቀምበት። ይኼ ንጹህ ነው አይደል?»

«ከሱ ሌላ አንጠጣም» አለች ሃዊ።

የመጨረሻዋን ወረቀት ብርጭቆው ውስጥ ነከረች። ሀይረዲን መብራቱን አቀረበ። ከዚያ አጠፋና እንደገና አበራው፣ ጥፋቱ የመብራቱ ይመስል።

ወረቀቱ ጨለመ። ከብርጭቆው በስተጀርባ የሃዊ ፊት ሳይዛነፍ ይታያል፤ ውሃው እንዲያ ጥርት ያለ ነው።

«ከየት ነው የቀዳችሁት?»

«ከአቶ ፈቀደ ጉድጓድ። ቧንቧ ስለማይመጣ መንደሩ ሁሉ ከዚያ ነው።» ሃዊ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «ምነው? ልጄን በሱ ነው ያሳደግኩት። ከወንዙ እንዳይቀምስ ብዬ እኮ ነው።»

«ከአሁን በኋላ አትጠጡት» አለች ያለምወርቅ።

«አባቴም ጣቢያ የሚጠጣው እሱን ነው።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

*

ፈቀደ ግቢው በር ላይ በትሕትና ተቀበላቸው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው።

«ተማሪ? እዚህ? አላየሁም፣ ኢንስፔክተር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስንት ሰው ይገባል ይወጣል። እንደዚያ ዓይነት ልጅ ግን ብትመጣ አስታውሳት ነበር።»

ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ሥዕል ይታያል፤ የሚያብረቀርቅ የመኪና ፓራውልት፣ የግጭት መከላከያ ብረቱ።

«ይኼ ምን ነበር?»

«ድሮ አባቴ ፓራውልት ኒኬልና ክሮም ይነክርበት ነበር። ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል።»

«ዝቃጩን የት ነበር የሚደፋው?»

ፈቀደ ትከሻውን ነቀነቀ። «ልጅ ነበርኩ።»

ያለምወርቅ ትታው ወደ ሰልፉ ሄደች። ሰልፉ የጄሪካን ነው፤ ባለቤቶቹ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። ጄሪካኑ ሁሉ ቢጫ ስለሆነ እያንዳንዱ እጀታው ላይ ምልክት አለው፤ ቀይ ክር፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የጫማ ማሰሪያ። ናዕማ የምትባል ሴት ቱቦ ይዛ በተራ ትሞላለች። ባለቤቱ ከሌለ ሞልታ ግድግዳው ሥር ታቆምለታለች፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። እንደዚያ ነው ደንቡ።

ግድግዳው ሥር ሞልቶ የቆመው ጄሪካን አንድ ብቻ ነው። እጀታው ላይ ሰማያዊ የላስቲክ ጓንቲ ታስሯል። ያለምወርቅ እንዲህ ያለውን ጓንቲ የሰሀር እጅ ላይ አይታዋለች።

«ይኼ የማን ነው?»

«የጓንቲዋ» አለች ናዕማ። «ሞልቼ ትመጣለች ብዬ አስቀመጥኩላት። ከትናንት ወዲያ ነው፤ አልመጣችም።»

«ከኋላዋ ማን ነበር?»

ከጥላው ሥር አንዲት ወፍራም ሴትዮ እጇን አነሳች። እትዬ አማረች ይሏታል። «እኔ ነበርኩ። ጓንቲዋ ከፊቴ፣ ቀይ ክሩ ከኋላዬ። አቶ ፈቀደን ላናግረው፣ ወረፋዬን ያዢልኝ ብላኝ ገባች።»

«ስትወጣ አይተሻታል?»

«እስክሄድ አልወጣችም። ጨዋታው ጥሟት ይሆናል ብለን ቀለድንባት፣ እግዜር ይቅር ይበለን። ምን ሆነች?»

«ሌላ በር አለ?»

«ውሃ የሚጭነው ቦቴ የሚወጣበት በር አለ።»

«ያን ቀን ቦቴው ወጥቷል?»

ሴቶቹ ሳቁ። «ሹፌሩ ለቅሶ ሄዶ አቶ ፈቀደ ራሱ አልነዳው መሰለሽ!» አለች አማረች። «በሩን ገጭቶ ወጣ። ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።»

ያለምወርቅ ዞር አለች። ፈቀደ ከሩቅ ሆኖ ጄሪካኑን እያየ ነበር፤ ሲያየው የመጀመሪያው መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበባል። በየቀኑ በዚያ ሰልፍ አጠገብ ያልፋል። የማን ጄሪካን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን መሰለፍ ያስፈልጋል።

ከቢሮው ጀርባ መሰላል ያለው የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ሀይረዲን ወጥቶ የብረት ክዳኑን ከፈተና ለረጅም ጊዜ አጎንብሶ አየ።

«ኢንስፔክተር» አለ። «የልጅቷ መብራት እታች ተኝቷል። እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል።»

የናዕማ ቱቦ የሚነሳው ከዚያ ገንዳ ነው። ሰልፉ ውስጥ መጀመሪያ ነገሩ የገባው ለአማረች ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወደ አጥሩ ሮጠች፤ ሲያስመልሳት ሌሎቹ ገና ምን ሆነች እያሉ ይጠያየቁ ነበር።

*

«አሁን፣ እዚሁ፣ ለሰልፉ ልናገር ነው አለችኝ» አለ ፈቀደ። ጣቢያው ውስጥ ሸሚዙ ተጨማድዷል። «ለምኛታለሁ። ልዝጋው፣ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። እምቢ አለች።»

«እና?»

«ገንዳውን ላሳይሽ ብዬ ወሰድኳት። ወረቀቷን ልትነክር አጎነበሰች።»

«ከዚያ በቦቴው ወደ ወንዙ።»

«ወንዙ ውስጥ የሚገኝ ነገር ማንንም አይገርምም።»

ያለምወርቅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ውሃው እንዲህ መሆኑን ከእሷ ነው የሰማኸው?»

«ከእሷ ነው። እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ልጆችህ ከዚያ ይጠጣሉ?»

«እኛ የታሸገ ነው የምንጠጣው።»

ሀይረዲን ቀስ ብሎ ጻፈው።

*

ሂርጳ ሲፈታ ከጣቢያው በር አልወጣም አለ።

«እንደወሰዳችሁኝ መልሱኝ። በዚያው መኪና፣ በጠራራ ፀሐይ። ሱቁ ጋ አቁሙና ሰው ሲያይ ልውረድ። በካቴና ስሄድ አይተውኛል፤ ያለ ካቴና ስመጣም ይዩኝ።»

ኮማንደሩ እጁን አወናጨፈ። «ውሰጂው ባክሽ።»

ሀይረዲን ነዳ። ሂርጳ ከኋላ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሃዊ ያመጣችለትን ንጹህ ኮት ለብሷል። ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች መሀል ቀስ እያሉ ሄዱ። ስለ ጉድጓዱ ያለምወርቅ ነግራዋለች፤ ስለ ልጅ ልጁም ጠይቋት ሐኪም ማየት አለበት ብላዋለች። ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ያን ቀን ወደ ፈቀደ ቤት ለምን ሄደች?» አለ።

«ንጹህ ውሃ ልትቀዳ።»

«ብቻዋን?»

«በማግስቱ ከጓደኛዋ ጋር ሊሄዱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ያን ቀን ሄደች?»

ሀይረዲን በመስታወት ያለምወርቅን አያት። አትመልሺ የሚል አስተያየት ነበር።

«ወንዙ ዳር መሥራት ስላልቻለች» አለች።

«እኔ ስላባረርኳት።»

«አዎ።»

ሂርጳ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። መጋዘኖች፣ የብረት በሮች፣ አቧራ። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«አቁመው» አለ።

«ሱቁ ገና ነው አባባ» አለ ሀይረዲን። «ከድልድዩ ማዶ ነው።»

«አውቃለሁ የት እንደሆነ። እዚህ አቁመው።»

ሀይረዲን ዳር ያዘ። ሽማግሌው ወረደ፣ በሩን በዝግታ ዘጋና የመጋዘኑን አጥር ተጠግቶ ሰው በማይሄድበት በኋላው መንገድ ገባ።